የዶክትሬት ቦታ በሥራ ማስታወቂያ ገጽ ላይ ይፈለግ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጸሐፊው በጅማ ለብዙ ዓመታት ያስተማርኩ መምህር ነኝ። ሰሞኑን ኮፒ ቤት ወረፋ ስጠብቅ፣ በአፈር ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪዋን የያዘች ወጣት የዶክትሬት ቦታ ለማግኘት ለውጭ አገር ፕሮፌሰሮች የላከቻቸውን ደብዳቤዎች አሳየችኝ። ከሠላሳ በላይ ናቸው፤ መልስ የሰጧት ሁለት ብቻ። ደብዳቤዎቹ ቃል በቃል አንድ ዓይነት ከመሆናቸውም በላይ በአንደኛው ላይ የሌላ ፕሮፌሰር ስም ሳይቀየር ቀርቷል። በጎማ ወረዳ የቡና ማሳዎች የአፈር አሲዳማነት ላይ የሠራችው ጥናት፣ ማለትም ከሁሉ የሚበልጠው ሀብቷ፣ በመጨረሻው መስመር ተወሽቋል።

ልጅቷን አልወቅስም፤ ጥፋቱ የእኛ የመምህራኑ ነው። «ስኮላርሺፕ ፈልጉ» እያልን እንሸኛቸዋለን እንጂ፣ በብዙ የአውሮፓ አገሮች የዶክትሬት ቦታ የሚወጣው እንደ ማንኛውም ክፍት የሥራ ቦታ መሆኑን አንነግራቸውም። በኔዘርላንድስ የዶክትሬት ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ለ4 ዓመት የተቀጠረ የዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ ነው። በስዊድን ትምህርቱ የ4 ዓመት ሲሆን፣ የማስተማር ሥራ ሲጨመርበት ወደ 5 ዓመት ይዘልቃል። በጀርመን ደግሞ ብዙ ቅጥሮች የግማሽ ወይም የሁለት ሦስተኛ የሥራ ሰዓት ስለሆኑ ደመወዙም በዚያው ልክ ይቀነሳል፤ ውሉን አጣርቶ ማንበብ ይገባል። «ስኮላርሺፕ» የሚል ቃል ብቻ የሚፈልግ ሰው እነዚህን ሁሉ ሳያያቸው ያልፋል።

የትምህርት ዘርፉም መንገዱን ይለውጠዋል። በግብርና፣ በጤና ወይም በምሕንድስና የምርምሩ ርዕስ ብዙ ጊዜ ፕሮፌሰሩ ባገኘው ገንዘብ አስቀድሞ የተቆረጠ ስለሆነ፣ አመልካቹ ለዚያ ሥራ ብቁ መሆኑን ማሳየት ይበቃዋል። በታሪክ፣ በቋንቋ ወይም በሕግ ግን በአብዛኛው አመልካቹ ራሱ የምርምር ዕቅድ አዘጋጅቶ፣ የሚያማክረውን ምሁር ካገኘ በኋላ ነው ገንዘብ የሚፈልገው። የታሪክ ምሩቁ ማስታወቂያ እስኪወጣ እጁን አጣጥፎ ቢጠብቅ ዓመታት ያልፉበታል።

የአውሮፓ ኮሚሽን ዩራክሰስ የተባለው የተመራማሪዎች ድረ ገጽ ክፍት ቦታዎችን በዘርፍና በአገር ለይቶ በነፃ ያሳያል። የአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የሚሰጠው የማሪ ኩሪ የዶክትሬት መርሐ ግብር ለማንኛውም አገር ዜጋ ክፍት ነው፤ የሚጠይቀው አመልካቹ ከቅጥሩ በፊት በነበሩት 36 ወራት ውስጥ በተቀባዩ አገር ከ12 ወር በላይ ያልኖረና ያልሠራ እንዲሆን ነው፤ ይህም ጅማ ተቀምጦ ለሚያመለክት ሰው እንቅፋት አይሆንም። ይህ ሁሉ በነፃ እያለ፣ ቅጽ እሞላልሃለሁ ላለው ደላላ የወር ደመወዙን የከፈለ ወጣት አውቃለሁ።

የሰዓቱ ነገርም አለ። በበርሊን ሰዓት 23:59 የሚዘጋ ማመልከቻ በክረምታቸው ወራት በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው፤ እስከዚያ መብራትና ኔትወርክ ይኖራሉ ብሎ ከመተማመን ከሁለት ቀን በፊት መላክ ይሻላል።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉን የምለምነው፣ ከጨረታና ከሥራ ማስታወቂያ ገጾቻችሁ አጠገብ በወር አንድ ጊዜ ለእነዚህ ቦታዎች አንድ ዓምድ እንድትሰጡ ነው። የቦታውን ስም፣ የሚፈለገውን የትምህርት ዘርፍና የመዝጊያ ቀኑን፣ ቢቻል በእኛም አቆጣጠር ጭምር፣ ብታወጡ ይበቃል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ መምህር፣ ከጅማ