ያንን 75 ጫማም ጻፉልን

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

በዋሽንግተን፣ በፖቶማክ ወንዝ ላይ ስለደረሰው የመንገደኞች አውሮፕላንና የጦር ሄሊኮፕተር ግጭት ባወጣችሁት ጽሑፍ ጥፋቱን ሁሉ በሞቱት የሄሊኮፕተር አብራሪዎች ላይ ጭናችሁታል። ሟች መልስ አይሰጥምና እኔ ልጻፍ።

በዋሽንግተኑ ሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ስሠራ 17 ዓመቴ ነው። ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት አስተርዮ ማርያምን አንግሼ፣ ማታ ተራዬን እየጠበቅሁ ነበር። ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ48 ላይ ሲጋጩ ምንም አልሰማሁም። የሰማሁት ቆይቶ የእሳት አደጋ መኪኖችን ጩኸት ነው። ከካንሳስ፣ ከዊቺታ የሚመጣውን መንገደኛ የምንጠብቅ ሹፌሮች ባዶ መኪናችንን ይዘን ተመለስን። በሁለቱም በኩል 67 ሰዎች አለቁ።

እርግጥ ነው፣ ሄሊኮፕተሩ ከፍ ብሎ ነበር። በዚያ መስመር ከ200 ጫማ በላይ መብረር አይፈቀድም ነበር፤ የተጋጩት ግን 300 ጫማ ገደማ ላይ ነው። በ200 ቢሄድስ? የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እንዳስረዳው፣ ወደ ቁጥር 33 ማኮብኮቢያ የሚወርድ አውሮፕላንና ከሥሩ የሚያልፍ ሄሊኮፕተር ሁለቱም ሕጉን ቢያከብሩ እንኳ በመካከላቸው የሚቀረው 75 ጫማ ብቻ ሊሆን ይችል ነበር። 23 ሜትር መሆኑ ነው፤ የእኔን ዓይነት ታክሲ አምስት ብትደረድሩ ይሞላዋል። ይህን መስመር ያሰመረው የሞተው አብራሪ አይደለም።

ደግሞ የሄሊኮፕተሩ አብራሪዎች ስለ አውሮፕላኑ «አይተነዋል፣ ራሳችን እንጠነቀቃለን» ብለው ለበረራ ተቆጣጣሪው መልሰዋል ይባላል። በጨለማ፣ በሌሊት ማያ መነጽር፣ ያ ሁሉ የከተማ መብራት ፊት ለፊት እየተንቦገቦገ፣ የትኛውን መብራት ነው ያዩት? እኔም በዝናብ ሌሊት ስነዳ የመኪና መብራት ርቀቱን ስንቴ አታሎኛል። እኔ ግን ፍሬን እይዛለሁ።

የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ከኦክቶበር 2021 እስከ ዲሴምበር 2024 እ.ኤ.አ. በዚያው ማረፊያ ዙሪያ አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር ከልክ በላይ የተቀራረቡት 15,214 ጊዜ ነው፤ ከእነዚህም 85ቱ ለጥቂት የተረፉ ናቸው። መረጃው በመንግሥት እጅ ነበር። እኔ አንድ ያለቀ ጎማ ቢገኝብኝ ያንኑ ቀን ከሥራ እታገዳለሁ፤ ያ መስመር ግን የተዘጋው ሬሳ ከወንዝ ከወጣ በኋላ ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ ስለ አብራሪዎቹ ስትጽፉ፣ እባካችሁ ከ300ው ጎን ያንን 75 ጫማም ጻፉልን።

አንድ የታክሲ ሹፌር
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ