መስታወቱ ሲቆም ሞተር ለመግዛት አትቸኩሉ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በገላንና በለገጣፎ «መስታወቱ አልወጣ አለኝ» ብሎ ጋራዥ የሚገባ ባለመኪና ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ «ሞተሩ ተቃጥሏል፣ ይቀየር» የሚል ነው፤ በሩ ውስጥ ሆኖ መስታወቱን በኤሌክትሪክ የሚያወጣውና የሚያወርደው ትንሹ ሞተር ማለት ነው። ባለመኪናው ሶማሌ ተራ ወርዶ ያገለገለ ሞተር ይገዛል፣ ያስገጥማል። አንዳንዱ ገና ሲገጠም ዝም ይላል፣ አንዳንዱ ሳምንት ሠርቶ ይቆማል። ተፈትቶ የተጣለው አሮጌ ሞተር ግን በቀጥታ ከባትሪ ጋር ቢገናኝ ብዙ ጊዜ እንደ ጤነኛ ይሽከረከራል። ይህን የምንጽፈው ያ ገንዘብ በከንቱ እንዳይወጣ ብለን ነው። የምርመራው ግማሽ ማንም ሰው ከወንበሩ ሳይነሳ ሊያደርገው የሚችል ነው።

መጀመሪያ መለየት ያለበት የቆመው አንድ መስታወት ይሁን ሁሉም ነው። አራት ሞተር በአንድ ቀን አይቃጠልም። ሁሉም ካቆሙ የሚታየው ፊውዙ፣ ሪሌው (ኃይሉን የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው ትንሽ ሳጥን)፣ ወይም ወደ ሹፌሩ በር የሚገባው ዋናው ሽቦ ነው። የሹፌሩ ሠርቶ የሌሎቹ ሦስቱ እምቢ ካሉ ደግሞ ከሹፌሩ ስዊች አጠገብ ያለችው፣ የሌሎቹን በሮች መስታወት የምታግደው የመቆለፊያ ቁልፍ ተጭና ይሆናል፤ ልጆች ወይም መኪና አጣቢ ሳያውቁ ይነኳታል። ለዚህች ቁልፍ ሲባል በሩ የተፈታበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ፊውዙን በዓይን ብቻ አይታችሁ «ደህና ነው» አትበሉ፤ ስንጥቁ የማይታይ አለ። አውጥታችሁ በኤሌክትሪክ መለኪያ ሜትር ለኩት፣ ወይም ተመሳሳይ መጠን ባለው ደህና ፊውዝ ቀይራችሁ ሞክሩ። ቢጫው 20፣ አረንጓዴው 30 አምፔር ነው። ፊውዙ የሚጠብቀው ሽቦውን ስለሆነ በ20 ቦታ 30 ማስገባት፣ ከዚያም የባሰው በሽቦ ቁራጭ ወይም በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ማያያዝ፣ በሩ ውስጥ እሳት ማስቀመጥ ነው። ደጋግሞ የሚቃጠል ፊውዝ የሆነ ቦታ ሽቦ ከብረት ጋር እየተነካካ መሆኑን እየነገራችሁ ነው።

የቆመው አንድ መስታወት ብቻ ከሆነ ከሁለቱም ቦታ ሞክሩት፤ ከራሱ በር ስዊች እና ከሹፌሩ በር። ከአንዱ ሠርቶ ከሌላው ካልሠራ ሞተሩ ደህና ነው፤ ጥፋቱ ያልሠራው ስዊች ወይም ወደ እሱ የሚመጣው ሽቦ ነው። መስታወቱ በቀላሉ እየወረደ ወደ ላይ ሲታዘዝ ድምፅም ካላሰማ አሁንም ሞተሩን አትጠርጥሩ፤ የሚያወርደውም የሚያወጣውም ያው አንድ ሞተር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ባለሙያ የሚስትበት ነገር አለ። በብዙ መኪኖች አሠራር ስዊቹ ሳይነካ ሁለቱም የሞተሩ ሽቦዎች ማሳ (ከመኪናው አካል ጋር የተያያዘው የባትሪው ኔጋቲቭ) ላይ ናቸው። ወደ ላይ ሲጫኑ አንዱ ሽቦ 12 ቮልት ያገኛል፣ ሌላው ማሳው ላይ ይቀራል፤ ወደ ታች ሲጫኑ ይገላበጣል። የተሳፋሪው በር ያን ማሳ የሚያገኘው በሹፌሩ ስዊች ውስጥ አልፎ ነው። ስለዚህ የሹፌሩ ስዊች ውስጥ አንዲት የመዳብ ነጥብ ከጠቆረች የኋላው መስታወት በገዛ ስዊቹም አይንቀሳቀስም። ከኋላ በር ጋር ሲታገል የሚውለው ሰው ጥፋቱን የሚያገኘው ፊት ለፊት፣ ሹፌሩ ክንድ ሥር ነው።

ቀጥሎ ያለው ፈተና ምንም መሣሪያ አይጠይቅም። ሲመሽ ወይም ጥላ ውስጥ የጣሪያውን መብራት አብሩ፣ የመኪናውን ሞተር ሳታስነሱ ቁልፉን ኦን ላይ አድርጉ፣ ሬዲዮውን ዝጉና የቆመውን መስታወት ስዊች ተጫኑ። መብራቱ ደብዘዝ ካለ ኃይል ወደ መስታወቱ ሞተር እየሄደ ነው፤ ሞተሩ ግን ታስሯል ወይም መስታወቱ ተጣብቋል። መብራቱ ንቅንቅ ካላለ ሞተሩ ኃይል እየሳበ አይደለም፤ ነገሩ ወይ ስዊች ነው፣ ወይ ሽቦ፣ ወይ የሞተሩ ካርቦን (በሞተሩ ውስጥ ለሚዞረው ክፍል ኃይል የሚያቀብለው ቁራጭ) ማለቅ። ጆሯችሁንም በሩ ላይ ጣሉ። ሞተሩ ሲዞር እየተሰማ መስታወቱ ካልተንቀሳቀሰ የማንሻው ገመድ ተበጥሷል ወይም የፕላስቲክ ጥርሱ ተበልቷል። ፍርክርክ የሚል ድምፅ ከተሰማ ገመዱ እየተፈተለ ነውና ስዊቹን ወዲያው ልቀቁ፤ በቀጠላችሁ ቁጥር ሞተሩንም ይዞ ይሄዳል።

ወደ እኛ አካባቢ ዋና ችግር እንምጣ፤ አቧራ። የኮንዶሚኒየሞቹ የውስጥ መንገዶች ገና አስፋልት ባልለበሱበት ሰፈር በበጋ የሚነሳው ዱቄት የመሰለ አቧራ መስታወቱ የሚሮጥበት ጎማ ውስጥ ይገባል። ሰኔና ሐምሌ ሲደርስ ዝናቡ ያንኑ አቧራ ጭቃ ያደርገዋል፣ ፀሐይ ስትወጣ ይደርቃል። ጎማውን በጣት ገለጥ አድርጎ ላየ ሰው ከሥሩ ያለው ልክ እንደ ሸክላ ቅርፊት ነው። ሞተሩ መስታወቱን በዚያ ቅርፊት ውስጥ ሲጎትት ከሚገባው በላይ ኃይል ይስባል፣ ይግላል፣ ከዚያ ውስጡ ያለው የሙቀት መከላከያ ያቆመዋል። ጥቂት ደቂቃ ሲያርፍ ተመልሶ ይሠራል። «ሞተሩ አንዴ ይሠራል አንዴ ይቆማል፣ ሊሞት ነው» የሚባለው አብዛኛው ይህ ነው። ሞተሩ ራሱን እያዳነ ነው እንጂ እየሞተ አይደለም። አዲስ ቢገጠምም ያው ጎማ ያንኑ ያደርገዋል።

ጤነኛ መስታወት የመኪናው ሞተር እየሠራ ከታች እስከ ላይ በ4 ወይም በ5 ሰከንድ ገደማ ይወጣል። 8 እና 10 ሰከንድ የሚፈጅ ከሆነ፣ ወይም ሲወጣ ወደ አንድ ጎን ካዘመመ፣ ጎማው ይጽዳ። ቀጭን ማስመሪያ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ የፊቱንና የኋላውን መሮጫ ከላይ እስከ ታች ጥረጉ፤ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ሦስት አራት ጊዜ መለወጥ ያስፈልጋል። ከደረቀ በኋላ የሲሊኮን ስፕሬይ በትንሹ ንፉና መስታወቱን አምስት ስድስት ጊዜ አውጡ አውርዱ። የሞተር ዘይት ወይም ግራሶ አታስገቡ፤ ጎማውን ያሳብጣል፣ አቧራውንም እንደ ሙጫ ይይዛል። ጎማው ተቀድዶ ወይም ወደ ውስጥ ተጣጥፎ ከተገኘ ማጽዳቱ አይበቃም፣ ጎማው ይቀየር። በሩ ከታች በኩል ያሉትን የውኃ መውረጃ ቀዳዳዎችም በቀጭን እንጨት ክፈቱ። ጭቃ የደፈናቸው በር በክረምት ውኃ ያቁራል፣ ሽቦው ከሞተሩ ጋር የሚገጥምበት ሶኬትም ሞተሩም ይዝጋል።

ሁለተኛው የተለመደ ጥፋት በበሩና በመኪናው አካል መካከል ባለው እጥፍጥፍ ጎማ ውስጥ ነው። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር በዚያ የሚያልፉት ሽቦዎች ይታጠፋሉ። ቀኑን ሙሉ ከመኪናው የሚወርድና የሚወጣ የሜትር ታክሲ ሹፌር በር በዓመት ስንት ሺህ ጊዜ እንደሚታጠፍ አስቡት። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ መስታወቱ በሩ ሲከፈት ይሠራል ሲዘጋ ይቆማል፣ ወይም ተገላቢጦሽ። ስዊቹን ተጭናችሁ በሩን ቀስ ብላችሁ ወዲያ ወዲህ ስታደርጉ መስታወቱ ከተነቃነቀ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ሜትር እዚህ ላይ ሊያታልል ይችላል። ከብዙ ክሮች አንዲት ብቻ የቀረችለት ሽቦ በሜትር ሲለካ 12 ቮልት ያሳያል፤ ሞተሩ ሲጎትተው ግን በቂ ኃይል አያሳልፍም። ስለዚህ ከሞተሩ በነቀላችሁት ሶኬት ላይ ባለ 21 ዋት የፍሬቻ አምፖል አገናኝታችሁ ስዊቹን ተጫኑ። አምፖሉ ደምቆ ከበራ ሽቦው ደህና ነው፤ ከፈዘዘ ወይም ካልበራ ሽቦው ወይም ስዊቹ ነው። የተበጠሰውን ስትቀጥሉ የቤት መብራት ሽቦ አትጠቀሙ፤ ነጠላና ደረቅ ስለሆነ በጥቂት ወር ውስጥ ይሰበራል። ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው፣ ከነባሩ ያልቀጠነ የመኪና ሽቦ ይሁን። መጋጠሚያው ከእጥፍጥፉ ጎማ ውጭ ይውጣ፤ ሶልደር የተደረገ ቦታ ደረቅ ስለሚሆን መታጠፊያ ላይ ካለ አጠገቡ ይበጠሳል። የተለያዩ ሽቦዎች መጋጠሚያም አንድ ቦታ አይደራረብ፤ ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር ይራራቅ።

የሹፌሩ ስዊች ላይ የሚደረገው ነገር ግን ከሁሉ በላይ ያሳስበናል። ስዊቹ ሲከብድ ወይም ሲንቀራፈፍ ዘይት ያለው ስፕሬይ መንፋት ልማድ ሆኗል። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ 7.4 ሚሊዮን፣ በ2015 ደግሞ ወደ 6.5 ሚሊዮን መኪኖችን በዓለም ዙሪያ ለማስተካከል መልሶ የጠራው በዚሁ የሹፌር በር ስዊች ምክንያት ነበር። ከተጠሩት መካከል በመንገዳችን የሞሉት ቪትስ ወይም ያሪስ፣ ኮሮላና ራቭ ፎር ይገኛሉ። ስዊቹ ውስጥ ያለው ግራሶ በትክክል ስላልተቀባ መጋል፣ መጨስና መቅለጥ ሊያስከትል ይችል ነበር። ኩባንያው ያኔ ከገበያ የተገዛ ማለስለሻ ስዊቹ ውስጥ እንዳይገባ ለይቶ አስጠንቅቋል። ያገለገሉ መኪኖች ከየአገሩ ተሰብስበው ስለሚገቡ የትኛው በጥሪው ታይቶ እንደተስተካከለ ባለመኪናው የሚያውቀው እምብዛም ነው። ስዊቹ ሲነካ የሚግል፣ የፕላስቲክ ሽታ የሚሸት ወይም ሲጫኑት የሚንገራገጭ ከሆነ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱና አስመርምሩት። የቡና ወይም የለስላሳ ፍሳሽ ብቻ ከሆነ ለኤሌክትሪክ ንክኪ በተሠራ ማጽጃ ይታጠባል፤ ፈጽሞ ሳይደርቅ ግን ኃይል አያገኝም። ጠቁሮ የቀለጠ ስዊች ይቀየራል። በእሱ ፋንታ ያለ ፊውዝ ከባትሪ በቀጥታ ሽቦ ስቦ ዳሽቦርድ ላይ ሌላ ስዊች መትከል ጥገና አይደለም።

ይህ ሁሉ ታይቶ ሞተሩ ላይ ከተደረሰ በሩ ይፈታል። ብሎኖቹ ብዙ ጊዜ ከመዝጊያው እጀታ ውስጥ በትንሽ ክዳን ተሸፍነው፣ ከስፖኪዮው ጀርባ ባለው ሦስት ማዕዘን ፕላስቲክ ሥርም ተደብቀው ይገኛሉ። መስታወቱ ወደ ላይ ተስቦ በጠንካራ ፕላስተር ከበሩ ጫፍ ጋር ይታሰር፤ እጅ በሩ ውስጥ እያለ የወደቀ መስታወት ጣት ይቆርጣል። መቀስ በሚመስለው ማንሻ ላይ ሞተሩን ከመፍታት በፊት ክንዱን በብሎን ወይም በመያዣ እሰሩት፤ ስፕሪንጉ የተወጠረ ስለሆነ ሲለቀቅ እጅ ይሰብራል። ሞተሩ ባለ ሁለት ሽቦ ከሆነ 20 አምፔር ፊውዝ ባለው ሽቦ ከባትሪ ጋር በቀጥታ ይሞከር፣ ሽቦው ተገልብጦም ይሞከር። አምስት ስድስት ሽቦ ያለው ከሆነ ውስጡ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አለና በግምት አትንኩት። ቀስ ብለው በእጀታ ሲያንኳኩት የሚነሳ ሞተር ካርቦኑ አልቋል፤ ለዛሬ ይወስዳችኋል እንጂ ለነገ አትመኑት።

ሶማሌ ተራ ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። የግራና የቀኝ ሞተር ይለያያል፣ የሶኬቱም እግር ቁጥር ይለያያል። ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው በባትሪ በሁለቱም አቅጣጫ ይዙርላችሁ። ከማንሻው ጋር ተያይዞ የሚሸጥ ከሆነ ገመዱን በጣታችሁ ዳስሱት፤ የተፈተለ ክር ካለ ይወጋችኋል።

ዝናብ መጥቶ መስታወቱ ታች ከቀረ አንድ ሰው ስዊቹን ወደ ላይ ተጭኖ ይያዝ፣ ሌላው በሁለት መዳፉ መስታወቱን ከውስጥና ከውጭ ጨብጦ ወደ ላይ ይሳብ። ካልሆነ ስዊቹን ይዛችሁ በሩን ጠንከር አድርጋችሁ ዝጉት። ከወጣ መንገዳችሁ ሁሉ እስኪያበቃ መልሳችሁ አታውርዱት፤ ፈጣን መንገዱ መግቢያ ላይ በሩን ከፍቶ ቲኬት መቀበል ይሻላል።

ለሙያ አጋሮቻችን ደግሞ አንድ ልመና አለን። ከበሩ ሽፋን ሥር ያለውን ላስቲክ ቀዳችሁ አትጣሉ። በመስታወቱ ጎን የሚወርደውን ዝናብ ከስዊቹና ከጨርቁ የሚከለክለው እሱ ነው። ከተቀደደ ወፍራም ላስቲክ በልኩ ቆርጣችሁ ዙሪያውን አጣብቁ፣ የታችኛውን ጫፍ ወደ በሩ ውስጥ አስገቡት። ባትሪ ተፈትቶ ሲመለስ በአንድ ንክኪ የሚወጣው መስታወት ትምህርቱን፣ ማለትም የት መቆም እንዳለበት፣ ሊረሳ ይችላል፤ በብዙ መኪኖች መስታወቱን እስከ ታች አውርዶ፣ እስከ ላይ አውጥቶ፣ ስዊቹን ለጥቂት ሰከንድ ሳይለቁ ወደ ላይ መያዝ ይመልሰዋል። መኪናውን ከማስረከባችሁ በፊት ይህን አድርጉና ባለመኪናው ዓይኑ እያየ ራሱ ይሞክረው፤ የወጣውንም አሮጌ ዕቃ በእጁ ስጡት።

ከሰላምታ ጋር
የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያዎች
ቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ