ልጄ፣ ሲሊኮኑን ተይውና ጣራውን እዪ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትናንት ማታ የላክሽውን ቪዲዮ እናትሽ ሦስት ጊዜ አየችው። «ምንጣፉን! ወይኔ ምንጣፉን!» ትላለች። እኔ ያየሁት የቤዝመንቱን፣ የምድር ቤቱን መስኮት ነው። ብርሃን እንዲገባ ከመስኮቱ ውጪ የተቆፈረው ግማሽ ክብ ጉድጓድ እንደ ገንዳ ሞልቶ በመስታወቱ ይታያል። ውሃው በመስኮቱ ሥር እየተንጠባጠበ ይገባል።

ስንጥቁን የምደፍንበት ሲሊኮን ልገዛ ነው ብለሻል። ተይው። እኔም እዚሁ ሜሪላንድ ቤት የገዛን ዓመት ሁለት ጊዜ ሲሊኮን ቀብቻለሁ። ለጉድጓዱ ክዳንም ገዝቻለሁ። ውሃው እንደሆነ መግባቱን አልተወም። አንድ ኮንትራክተር ቤቱን ዙሪያውን ቆፍሬ ላሽገው ብሎ የጠራውን ዋጋ ለእናትሽ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። በሦስተኛው ዝናብ ተናድጄ በነጠላ ጫማ፣ ጃንጥላ ይዤ ወጣሁ። ለካ ነገሩ ያለው ጣራው ላይ ነው! አሸንዳው በሜፕል ቅጠል ተደፍኗል። ውሃው ወደ ቱቦው መሄዱን ትቶ እንደ መጋረጃ ቀጥ ብሎ ጉድጓዱ ውስጥ ይወርዳል።

እስቲ ሒሳቡን እዪው። 100 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 25 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 2,500 ሊትር ውሃ ነው። አያትሽ ግቢ ያለውን ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ታውቂው የለ? ሁለት ተኩል ሮቶ ማለት ነው። ሩቡ እንኳ አንድ መስኮት ላይ ከፈሰሰ ምን ሲሊኮን ያቆመዋል?

ስለዚህ መጀመሪያ አሸንዳውን እንጠርጋለን። የመውረጃው ቱቦ አሁን የሚያበቃው ግድግዳው ሥር ነው፤ ወደ 2 ሜትር እናርቀዋለን። ቀጥሎ አፈሩ። ከግድግዳው ጀምሮ በ3 ሜትር ውስጥ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እያለ መሄድ አለበት። ያንቺ ግቢ ተገላቢጦሽ ነው። አትቀየሚኝና፣ ለአበቦቹ የደረደርሽው ጡብ ያምራል፤ ለውሃው ግን ግድብ ሆኗል። አበቦቹ ሥር የከመርሽው ማልችም (የእንጨት ፍቅፋቂው) ጉድጓዱን ከከበበው ቆርቆሮ ጠርዝ በላይ ነው። ቆርቆሮው ከአፈሩ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቅ ማለት ነበረበት።

ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን ቅጠል ልቀሚው። ከጠጠሩ ሥር ወደ መሠረቱ ማፋሰሻ የሚወርድ ቱቦ ሊኖር ይችላል። አንድ ባልዲ ውሃ ድፊበት። ወዲያው ከሰረገ ጥሩ ነው። ከቆመ ግን ወይ ተደፍኗል፣ ወይ መጀመሪያውኑ አልተሠራም። ጎረቤታችን አረም አስቸገረኝ ብሎ የራሱን ጉድጓድ ወለል በሲሚንቶ ለሰነው። አሁን ወፎች ይታጠቡበታል።

ክዳን አልጠላም። ቅጠልና በረዶ ይከለክላል። የመጨረሻ ሥራ ነው ግን። ደግሞም ቤዝመንቱን አከራይተሻል። አደጋ ቢመጣ ተከራይሽ በመስኮቱ እንዲወጣ ክዳኑ ያለ ቁልፍ፣ ያለ መፍቻ፣ ከውስጥ በእጅ ተገፍቶ የሚከፈት ይሁን። ንፋስ እንዳይወስደው ብለሽ ድንጋይ እንዳትጭኚበት። እኔ አሜሪካ እንደገባሁ ሁለት ዓመት የኖርኩት ቤዝመንት ውስጥ ነው። ሰማይ የማየው በዚያች ግማሽ ክብ ነበር። በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 1 ቀን 2021 አይዳ የተባለው አውሎ ነፋስ ቅሪት ዝናብ ኒውዮርክን ሲመታ፣ ሴንትራል ፓርክ ላይ በአንድ ሰዓት 80 ሚሊ ሜትር ወረደ። በከተማዋ ከሞቱት 13 ሰዎች 11ዱ ቤዝመንት ውስጥ ነበሩ። ዜናውን ስሰማ ትዝ ያለችኝ ያቺ መስኮቴ ናት። በብረት የታጠረች ነበረች።

ቅዳሜ መሰላሉን ይዤ እመጣለሁ። አካፋ አትግዢ፣ ሁለት አለኝ። አንቺ ዛሬውኑ ከመቆፈር በፊት ወደሚደወልበት ቁጥር፣ 811 ደውዪ፤ አገልግሎቱ በነጻ ነው፣ ጥቂት ቀን ግን ይፈልጋል። ከመሬት ሥር ያለውን የጋዝና የመብራት መስመር መጥተው ምልክት ካላደረጉልን አፈሩን አልነካም።

እናትሽ ምንጣፉን ዛሬ ፀሐይ ሳለ አስጪው ብላለች።

አባትሽ