ተመላሽ ስለሚሆኑ ኦፊሻል ትራንስክሪፕቶች የቀረበ ቅሬታ

ቀን፦ ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኮሌጁ ሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት
ደሴ

ጉዳዩ፦ የትራንስክሪፕት አሰጣጥ ተማሪዎችን ከዝውውር እያስቀረ ስለመሆኑ

ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው፣ በአካውንቲንግና ፋይናንስ ትምህርት ክፍል የምንማርና ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር ያመለከትን ተማሪዎች ነን። ውጤት አንሶን ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍን ነበር፤ ካመለከትንባቸው ዩኒቨርሲቲዎች ተመላሽ የሆነው ግን ወረቀቱ ነው።

ከፖስታው እንጀምር። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት፣ ማለትም ይፋዊው የውጤት ማስረጃ፣ ከሬጅስትራር ወደ ሬጅስትራር የሚሄድ ሰነድ ነው። ፖስታው በሙጫ ታሽጎ፣ ማኅተሙ ግማሹ ክዳኑ ላይ ግማሹ ከክዳኑ በታች ማረፍ አለበት፤ ፊርማውም እንዲሁ መገጣጠሚያውን መሻገር አለበት። አንድ ሰው ከፍቶ መልሶ ቢያሽገው የማኅተሙ ክብ ስለማይገጥም ወዲያው ይታወቃል። ከእናንተ የሚወጣው ግን በስቴፕለር ተመትቶ፣ ማኅተሙ ፊት ለፊት አድራሻው አጠገብ ብቻ ያረፈበት ነው። የተቀበለው ሠራተኛ ውስጡን ሳያይ እንደ ስቱደንት ኮፒ (ለተማሪው በእጁ እንደሚሰጥ ኮፒ) ቆጥሮ ቢመልሰው አይፈረድበትም።

ውስጡም ቢታይ ችግር አያጣም። ኮርሶቹ በክሬዲት አወር ብቻ ተጽፈዋል፤ ኢሲቲኤስ (የተማሪውን የሥራ ጫና የሚለካው ሌላው የክሬዲት መለኪያ) የሚል ዓምድ የለም። ባለ 3 ክሬዲት አወር ኮርስ አብዛኛውን ጊዜ 5 ኢሲቲኤስ መሆኑን እኛም ተቀባዩም እናውቃለን፤ ነገር ግን ያልተጻፈ ቁጥር ሞልቶ የሚፈርም ኃላፊ አይገኝም። ኤ 4፣ ኤ ማይነስ 3.75፣ ቢ ፕላስ 3.5 እያለ የሚወርደው የውጤት መግለጫም ከጀርባው አልታተመም።

የኮርስ ስሙ ነገር ደግሞ ይብሳል። በ2012 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች በተጀመረው የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች ዝርዝር «ሎጂክ ኤንድ ክሪቲካል ቲንኪንግ» የተባለውን፣ የእናንተ ትራንስክሪፕት ዛሬም «ኢንትሮዳክሽን ቱ ሎጂክ» ይለዋል፤ ኮዱም የድሮው ነው። ክፍል ውስጥ የተማርነው አዲሱን ሞጁል ሆኖ ሳለ ወረቀቱ ላይ ሌላ ኮርስ ይመስላል። ሒሳቡም «ማቴማቲክስ» ተብሎ ብቻ ቀርቷል። ለሶሻል ሳይንስ የሚሰጠውና ለናቹራል ሳይንስ የሚሰጠው የተለያዩ ኮርሶች ናቸው፤ የትኛው እንደሆነ ካልተጻፈ አንዱም አይያዝም፣ ማለትም እንደተማርነው አይቆጠርልንም።

የዲፓርትመንት ኮርስ ሲሆን ስም ብቻ አይበቃም። ተቀባዩ ክፍል አውትላይኑን (የኮርሱን ዝርዝር ይዘት) ምዕራፍ በምዕራፍ ከራሱ ጋር ያስተያያል። የእናንተ አውትላይን የኮርሱን ስምና የምዘናውን ክፍፍል ብቻ የያዘ አንድ ገጽ ነው፤ ምዕራፍ የለው፣ የሰዓት ድልድል የለው፣ መማሪያ መጽሐፍ የለው፣ ማኅተምም የለው። በዚህ ምክንያት «ፋንዳሜንታልስ ኦፍ አካውንቲንግ 1» ሳይያዝ ከቀረ 2ኛው አይያዝም፤ ከዚያ በላይ ያለው «ኢንተርሚዲየት» ደግሞ በቅድመ ሁኔታ ይታገዳል። በአንድ ገጽ ጉድለት ዓመት ይባክናል ማለት ነው። የመውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ዲፓርትመንቶች በዋና ዋና ኮርሶች ላይ ቢጠነቀቁም አይገርምም፤ ተማሪው ፈተናውን የሚወስደው በእነሱ ስም ነውና። በዚያው ዓመት ራስ ገዝ የሆነውን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የመሰለ መራጭ ተቋም ጋ ደግሞ የተድበሰበሰ ወረቀት ይዞ መሄድ ከንቱ ድካም ነው።

መምህራን ውጤት ባለማስገባታቸው «ኤንጂ» እንደሆኑ የቀሩ ኮርሶችም አሉ። ኤንጂ ያለበት ትራንስክሪፕት ያላለቀ ፋይል ነው። ይህን ማስጨረስ የተማሪው ሥራ አይደለም።

ከሁሉም የከበደን ግን ክሊራንሱ፣ ማለትም ከኮሌጁ ዕዳ ነጻ መሆንን አስፈርሞ መልቀቁ ነው። ኦፊሻል ለመጠየቅ «መጀመሪያ ክሊራንስ ጨርሱ፣ ዊዝድሮው (የመልቀቂያ ቅጽ) ሙሉ» እንባላለን። ይህ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። ትራንስክሪፕቱ የሚታየው ተቀባዩ ከመወሰኑ በፊት ነው፤ ተማሪው የሚለቀው ደግሞ የመቀበያ ደብዳቤ በእጁ ከገባ በኋላ ነው። አስቀድሞ የፈረመ ሰው ዝውውሩ ካልተሳካ እዚህ ስሙ ተሰርዟል፣ እዚያም አልገባም፤ ሁለት ያጣ ጎመን ይሆናል። ልመለስ ቢል ሪአድሚሽን (እንደገና ለመግባት ማመልከት) ነው፤ እሱም የሚገጥም ባች ከተገኘ። ስጋታችሁ ያልተከፈለ ዕዳ ከሆነ፣ በማመልከቻው ላይ የፋይናንስ ክፍል አንድ ፊርማ ይበቃል።

በመስኮታችሁ ላይ የተለጠፈው የ15 የሥራ ቀን ቀጠሮም ለዝውውር አይሆንም። ማመልከቻ የሚዘጋው የመስከረም ምዝገባ ከመድረሱ በፊት ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ ተመልሶ እንደገና የሚጠየቅ ወረቀት የግድ ያልፍበታል።

ስለዚህ እስከ ነሐሴ 23 ድረስ የተመለሱት ትራንስክሪፕቶች በአዲሱ የኮርስ ስምና ኮድ፣ ከነኢሲቲኤሱና ከነውጤት መግለጫው ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲታተሙልን፤ ፖስታዎቹ በክዳናቸው ላይ ማኅተም አርፎባቸው ከጽሕፈት ቤታችሁ በቀጥታ በፖስታ ቤት እንዲላኩ፤ ሙሉ አውትላይኖቹ በእያንዳንዱ ገጽ ማኅተም ተደርጎባቸው እንዲሰጡን፤ ክሊራንስም የመቀበያ ደብዳቤ እስኪመጣ እንዲቆይልን እንጠይቃለን። ኤንጂ ያሉባቸውን ኮርሶች በተመለከተ ዲኑ ለመምህራኑ በጽሑፍ ቀን ይቁረጡላቸው።

ለኦፊሻል የከፈልንባቸውን ደረሰኞችና የተመለሱትን ፖስታዎች ኮፒ አያይዘናል።

ከሰላምታ ጋር
ዝውውር ያመለከቱ ተማሪዎች

ግልባጭ፦
ለአካዳሚክ ጉዳዮች ምክትል ዲን
ለአካውንቲንግና ፋይናንስ ትምህርት ክፍል