ደብዳቤ ለልጄ፦ የሞተርሽን መሪ ከመቀየርሽ በፊት

ውድ ልጄ፣

እንዴት ነሽ እናቴዋ? እኛ ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እናትሽም ደህና ናት። ሄልሜትሽን ማሰርሽን ዛሬም ጠይቃለች።

ባለፈው በስልክ የነገርሽኝን ሳስበው ከረምኩ። ከሀዋሳ ወንዶ ገነት ደርሰሽ ስትመለሺ ትንሿ ጣትሽና የቀለበት ጣትሽ ይደነዝዛሉ፤ ትከሻሽም ይያዛል። ጓደኞችሽ ደግሞ አጠር ዝቅ ያለ መሪ አስገቢበት ብለውሻል። መቀየሩን አልቃወምም። ግን መሪ በመልኩ አይመረጥም። የሚመረጠው በክንድሽ ርዝመት፣ በምትሄጂበት መንገድና በፍጥነትሽ ነው። ይህን ሁሉ በስልክ ማስረዳት አልሆንልኝ ስላለ ነው የጻፍኩት።

በዝቅተኛው መሪ ልጀምር። ይህ የመጣው ከእሽቅድምድም ሞተሮች ነው። እነሱ ላይ መሪው ሁለት አጫጭር ዘንግ ሆኖ በቀጥታ የፊት አሞርዛተሮቹ፣ ማለትም የፊት ጎማውን ይዘው ንጠቱን የሚያለዝቡት ሁለት ዘንጎች ላይ ይታሰራል። ነጂው ወደፊት ተደፍቶ ይነዳል። በከፍተኛ ፍጥነት ሲበር ነፋሱ ደረቱን ስለሚደግፈው ክብደቱ ሁሉ እጁ ላይ አያርፍም። አንቺ ግን የምትሄጂው በ40 ቢበዛ በ50 ኪሎ ሜትር ነው። በዚህ ፍጥነት ደረት የሚደግፍ ነፋስ የለም። ከወገብሽ በላይ ያለው ክብደት ቀጥ ብሎ መዳፍሽ ላይ ይወርዳል። አሁንም የሚደነዝዝ እጅ ይብስበታል እንጂ አይሻለውም። ከትከሻ በላይ የሚወጣው ረጅም መሪም ላንቺ አይሆንም፤ እጅ ተሰቅሎ ሲቆይ ይዝላል።

ለምን እነዚያ ሁለት ጣቶች ብቻ እንደሚደነዝዙ ልንገርሽ። ወደ እነሱ የሚሄደው ነርቭ በመዳፍሽ ጠርዝ፣ በትንሿ ጣት በኩል ያልፋል። መዳፍሽ በዚያ በኩል ተደግፎ ሲውልና የኢንጂኑ ንዝረት ሲጨመርበት ነርቩ ይጨቆናል። ያንቺ ሞተር ባለ አንድ ሲሊንደር ስለሆነች ንዝረቷ አይቀርም። የሚደነዝዘው አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መሀል ጣት ቢሆን ኖሮ የእጅሽ አንጓ ተጣምሞ ነው የሚቆየው ብዬ እጠረጥር ነበር። ከሞተር ወርደሽ፣ አድረሽም መደንዘዙ ካልለቀቀሽ ግን ሐኪም ጋ ሂጂ። ይህን አደራ እልሻለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሰውነትሽ ሞተሯን የሚነካው በሦስት ቦታ ነው፤ በኮርቻው፣ በእግር መርገጫውና በመሪው። አንዱን ስትነኪ የሌሎቹም ስሜት ይቀየራል። ስለዚህ ይህን ሞክሪ። ሞተሯን ሰው ቀጥ አድርጎ ይያዝልሽ። ሁልጊዜ የምትቀመጪበት ቦታ ተቀምጠሽ እግርሽን መርገጫው ላይ አድርጊ። ዓይንሽን ጨፍኚ፣ ትከሻሽን ልቀቂው፣ ክርንሽ በትንሹ እንደታጠፈ እጅሽን ወደፊት ዘርጊ። ከዚያ ዓይንሽን ግለጪ። እጅሽ ያረፈበት ቦታ ላይ ነው መሪው መሆን ያለበት። እጀታው ከዚያ ምን ያህል እንደሚርቅ በሜትር ለኪና ጻፊው።

የኔ ግምት መሪው ይርቅሻል የሚል ነው። ቁመትሽ ወደ አያትሽ ነው፤ ክንድሽም አጠር ያለ ነው። ማረጋገጥ ከፈለግሽ ሞተሯ ቆማ እንዳለች መሪውን ሙሉ በሙሉ ወደ ቀኝ አዙሪው። ግራ እጅሽ ወደፊት ይሄዳል። ክርንሽ ቀጥ ብሎ ከደረቀ ወይም ትከሻሽ አብሮ ከተጎተተ፣ መሪው ርቆሻል ማለት ነው። ጠባብ ቦታ ላይ ዞረሽ ስትመለሺ የምትጨነቂውም በዚህ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ላንቺ የሚያስፈልግሽ ጫፎቹ ወደ ነጂው መለስ ያሉ መሪ ነው። ከፍታው ትንሽ ቢጨምር ጥሩ ነው፤ ወደ አንቺ መቅረቡ ግን ከከፍታው ይበልጣል።

ስፋቱንም አትርሺ። ሰፊ መሪ ኮረኮንች ላይ ጉልበት ይሰጣል፤ ጎማው ድንጋይ ነክቶ ሲወራጭ በቀላሉ ትይዥዋለሽ። ከተማ ውስጥ ግን በመኪና መሀል ስታልፊ ያስቸግራል፤ ክንድንም ይከፍተዋል። ያንቺ መንገድ ግማሹ አስፋልት ስለሆነ አሁን ካለው ስፋት ባትርቂ ይሻላል።

ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት ግን ያለውን አስተካክዪው። መሪውን የያዙትን አራት ብሎኖች ትንሽ አላልተሽ፣ መሪውን ወደ ራስሽ በጥቂቱ አዙሪው። በጣም አታዙሪው፤ እጀታዎቹ ወደ መሬት ያዘነብሉና አንጓሽን ያጣምሙታል። ቀጥሎ የፍሬንና የፍሪሲዮን መጨበጫዎቹን ተመልከቺ። ተቀምጠሽ ጣቶችሽን ስትዘረጊባቸው ከክርንሽ እስከ ጣትሽ ጫፍ አንድ ቀጥ ያለ መስመር መሆን አለበት። መጨበጫው ወደ ላይ የቀና ከሆነ ፍሬን በያዝሽ ቁጥር አንጓሽ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ይህ በቀን ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም አስቢው። ብዙ ሰው ይህችን ሳይነካ ነው አዲስ መሪ የሚገዛው፤ እኔን በጣም ያሳዝነኛል።

አነዳድሽም ድርሻ አለው። ለእንስሳት ክትባት ያማሃ ዲቲ 125 ይዤ ጨንቻ እመላለስ በነበረበት ጊዜ ቁልቁለቱን የተማርኩት በእጄ ነው። ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ሲወረድ ሰውነት ወደፊት ይንሸራተታል። በእጅ ገፍቶ ማቆም የመጀመሪያው ሐሳብ ነው፤ ታች ሳይደረስ ግን ክንድ ያልቃል። ነዳጅ ታንከሩን በሁለት ጉልበትሽ ጥብቅ አድርገሽ ያዢው። ያኔ ክብደትሽን እግርሽና ወገብሽ ይሸከሙታል፤ እጅሽ መሪውን ለመምራት ብቻ ይቀራል። እጀታውንም አትጨምቂው፤ በጨመቅሽው ቁጥር ንዝረቱ ወደ ክንድሽ ይገባል።

ይህን ሁሉ አድርገሽ ካልተሻለሽ መሪውን ቀይሪው። ስትገዢ የብረቱን ውፍረት መሀሉ ላይ፣ የሚታሰርበት ቦታ ላይ ለኪ። እንዳንቺ ባሉ ትንንሽ ሞተሮች ላይ ብዙውን ጊዜ 22 ሚሊ ሜትር ነው። መሀሉ 28.6 ሆኖ ወደ ጫፉ የሚቀጥን አለ፤ የሃርሊ ዓይነቶቹ ላይ ደግሞ 25.4 ይገኛል። እነዚህን ማሰሪያው አይቀበላቸውም። ከማሰሪያው የቀጠነውንም በቆርቆሮ ሞልተን እናስረዋለን የሚል ቢመጣ እሺ እንዳትዪ።

መካኒኩ ሲገጥም አጠገቡ ቁሚ። የቁልፎቹ መያዣ ውስጥ፣ የክላክሱና የፍሬቻው ማለቴ ነው፣ ትንሽ ጥርስ አለች። መሪው ላይ ባለ ቀዳዳ ትገባለች። አዲሱ መሪ ቀዳዳ ከሌለው በትክክለኛው ቦታ መበሳት አለበት። ጥርሷን ሞርደው የሚገጥሙ አሉ። እንዲህ ሲሆን መያዣው መሪው ላይ ይዞራል፤ በጋዙ በኩል ያለው ከዞረ ደግሞ አደጋ ነው።

ገመዶቹ ላይ ሳትቸኩዪ ቆዪ። መሪው ከፍ ሲል ወይም ወደ ኋላ ሲመለስ የገመዶቹ መንገድ ይቀየራል። ከተገጠመ በኋላ ሞተሯን ማርሽ ነፃ አድርገሽ አስነሺና በሚኒሞ፣ ጋዝ ሳትሰጪ በዝግታ እንደምትሠራ፣ ተያት። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ አዙሪው። ጋዝ ሳትሰጪ ድምፁ ከጨመረ የጋዙ ገመድ ተወጥሯል ማለት ነው። በዚያ ሁኔታ አትንጂያት፤ መታጠፊያ ላይ በራሷ ጋዝ ትሰጥብሻለች። መሪው በሁለቱም በኩል እንደዞረ ጋዙን ሰጥተሽ ስትለቂው ቶሎ ብሎ መመለስ አለበት። የፊት ፍሬንሽ በዘይት የሚሠራ ከሆነ ቱቦው መወጠር የለበትም፤ ካጠረ ረጅም ይገዛል። በመጨረሻም እጀታው ሲዞር ታንከሩን ወይም ጭንሽን እንዳይነካ እዪ።

ብሎኖቹን በተመለከተ፣ አንዳንዱ ሞተር የፊተኞቹ ቀድመው እንዲጠብቁ ይፈልጋል፤ ሌላው ክፍተቱ በፊትም በኋላም እኩል እንዲሆን። ከሞተሯ ጋር የመጣው መጽሐፍ ላይ አለ፤ ለመካኒኩ አሳዪው። ጥቂት ቀን ከነዳሽ በኋላ ጥብቀታቸውን ደግመሽ አስፈትሺ። አሮጌ መሪ በርካሽ ቢያቀርቡልሽ አትግዢ። ወድቆ የታጠፈና በእሳት የተቃና ብረት ከላይ ቀለም ተቀብቶ ደህና ይመስላል፤ ጥንካሬው ግን ሄዷል።

ልኬቱን እንደጨረስሽ በቴሌግራም ላኪልኝ። ለመግዛት ያሰብሽውንም መሪ ከላይና ከጎን አንሺልኝ፣ አጠገቡ ሜትር ዘርግተሽ። እስከዚያው መጨበጫዎቹን ብቻ ዝቅ አድርገሽ አንድ ሁለት ቀን ንጂበትና ጣቶችሽ እንዴት እንደሆኑ ንገሪኝ።

አባትሽ
ከአርባ ምንጭ