ከስም መጥሪያው የጎደሉት የክፍል ጓደኞቻችን

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የ2017 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተና ውጤት ይፋ ከሆነ ወዲህ ጋዜጣዎን ጨምሮ በርካታ መገናኛ ብዙኃን ስለ እኛ ብዙ ብለዋል። ለፈተና ከተቀመጡት 585 ሺህ 882 ተማሪዎች ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 48 ሺህ 929 እንደሆኑ፣ ይህም 8.4 በመቶ እንደሚሆን፣ ከ2014ቱ 3.3፣ ከ2015ቱ 3.2 እና ከ2016ቱ 5.4 በመቶ ጋር ሲተያይ ግን መሻሻል እንደሚታይበት ተገልጿል። እኔም ከእነዚሁ ተፈታኞች አንዷ ነኝ፤ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የተማርኩት ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ውጤቱን ለመቃወም ወይም ፈተናው ከበደን ብዬ ለማማረር አይደለም። መቶኛው በተሰላበት ቁጥር ውስጥ ስለሌሉት የክፍል ጓደኞቻችን የሚያነሣ ሰው ስላላየሁ ነው።

በ2014 ዓ.ም. 9ኛ ክፍል ስንገባ የክፍሉ አለቃ ሆኜ ተመረጥኩ። የተመረጥኩት በጉብዝናዬ ሳይሆን ጽሕፈቴ የሚነበብ ስለሆነ እንደነበር የክፍል ኃላፊ መምህራችን አልደበቁኝም። አለቃ ከሚሠራቸው ሥራዎች አንዱ ስም መጥራት ነውና የ61 ተማሪዎችን ስም በተራ የጻፍኩበት ደብተር እስከ ዛሬ እጄ ላይ አለ። ባለፈው ዓመት የምረቃ መጽሔት ለማሳተም ገንዘብ ስናዋጣና ከየፎቶው ሥር የሚሰፍረውን ‹‹ላስት ወርድ›› ስንሰበስብ፣ ከእኛ ጋር ጀምረው ላልጨረሱት ልጆች ስማቸው ብቻ የሚወጣበት አንድ ገጽ ይተውላቸው የሚል ሐሳብ አቅርቤ ነበር። የመጽሔት ኮሚቴው ተወያይቶ ሳይቀበለው ቀረ። ገጽ በጨመረ ቁጥር የማተሚያው ዋጋ ይጨምራል፤ ያላዋጣ ሰው ደግሞ ባዋጣው ሰው ገንዘብ ሊወጣ አይገባም ተባለ። በጊዜው ተቀይሜ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ግን አልፈርድባቸውም፤ የብዙዎቻችን ወላጆች ያቺን መዋጮ የሰጡን ከቀለብ ቀንሰው ነው። ያ ገጽ ስላልታተመ ነው ዛሬ ወደ እርስዎ የመጣሁት።

የእኛ ነገር የሚጀምረው በእርግጥ ከ9ኛ ክፍልም በፊት ነው። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ 7ኛ ክፍል ነበርን፤ የተባለው ለ15 ቀን ስለነበር ደብተሩን ዴስክ ውስጥ ትቶ የወጣም አለ። ያለ ማጠቃለያ ፈተና ወደ 8ኛ ክፍል ተዛወርን፤ ስንመለስም ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ቡድን ሲማር ሌላው ቤቱ ይውል ነበር። የአንዳንድ ልጆችን ፊት ሙሉ በሙሉ ያየሁት ጭምብል ቀርቶ 9ኛ ክፍል ከገባን በኋላ ነው።

ኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ከተማችን ተቃርቦ ነበር። ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከሸዋ ሮቢት የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ወደ ደብረ ብርሃን ሲጎርፉ ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ፤ የእኛም ክፍል ዴስኮቹ ወደ ደጅ ወጥተው ተደራረቡና ከነልጆቻቸው የመጡ እናቶች ገቡበት። አንድ ቀን ውኃ ለማድረስ ስገባ ሰሌዳው ላይ የኬሚስትሪ ማስታወሻችን ሳይጠፋ እንዳለ ነበር፤ ከሥሩ ፍራሽ ተነጥፎ ሕፃን ተኝቷል። ማንም ያንን ሰሌዳ ለማጥፋት እጁን አላነሣም፤ እኔም አላነሣሁም። በዚያው ሰሞን በመላ ሀገሪቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ሳምንት ተዘግተው ተማሪዎች ወደ ግንባር የሄዱትን ገበሬዎች ሰብል እንዲሰበስቡ ተወሰነ። የከተማ ልጆች ማጭድ ይዘን ገብስ ልናጭድ ወጣን። የኅዳር ውርጭ ገና ከእርሻው ላይ አልተነሣም ነበር፤ እጃችን ውኃ ቋጠረ፤ የማሳው ባለቤት ሚስት ‹‹ልጆቼ፣ ከምታጭዱት የምትረግጡት ይበልጣል›› ብለው ሳቁብን፤ ሲመሽ ግን ቆሎ በጉያችን አስያዙን። ከአራቱ ዓመታት ክፍላችን በሙሉ አንድ ላይ ሆኖ የሳቀበትን ቀን ጥሪ ብባል የማስታውሰው ይህንኑ ነው።

10ኛ ክፍል ስንደርስ፣ በ2015 ዓ.ም.፣ ወደ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መሸጋገር ተጀመረ። ሥርዓተ ትምህርቱ ደረሰ፤ መጽሐፉ ግን አልደረሰልንም። መምህራኑ ራሳቸው መጽሐፉን በስልካቸው እያዩ ሰሌዳ ላይ ይገለብጡልን፣ እኛም ከሰሌዳው ወደ ደብተር እንገለብጥ ስለነበር ከአርባ ደቂቃው ውስጥ ለማብራሪያ የሚተርፈው ትንሽ ነበር። ስልክ ያለው ሶፍት ኮፒውን ከቴሌግራም ያወርዳል፤ የሌለው ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ ጥቂት ገጽ ያስገለብጣል፤ ሁለቱም የማይሆንለት ከጓደኛው ጎን ይቀመጣል። አንድ ልጅ ስልኩ ውስጥ የሁሉም ትምህርት መጽሐፍ ስለነበረው ‹‹ቤተ መጻሕፍት›› የሚል ስም ወጥቶለት ነበር፤ በእረፍት ሰዓት ፀሐይ ልንሞቅ ግድግዳ ሥር ስንደረደር እሱ መሐል ላይ ይቀመጣል፣ የስልኩ ባትሪ ሲያልቅም ጥናታችን ያበቃል። በነገራችን ላይ ይህ ልጅ ከ61ዱ መካከል የ12ኛ ክፍልን ፈተና ካልተፈተኑት አንዱ ነው።

11ኛ ክፍል የገባንበት 2016 ዓ.ም. በ2015 መጨረሻ በክልላችን የተነሣው ግጭት የቀጠለበት ዓመት ነበር። ትምህርት ዘግይቶ ተጀመረ፤ ከተጀመረም በኋላ ይቆራረጥ ነበር። ከሁሉ ይልቅ የምናስታውሰው ግን የሞባይል ዳታ ለረጅም ወራት መቋረጡን ነው። መጽሐፍ በወረቀት ስላልነበረን በስልክ እንድናነብ ተነግሮን ነበር፤ በስልክ የምናወርድበት መንገድ ደግሞ ተዘጋ። ያኔ የ11ኛ ክፍል መጽሐፍ ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሰው ሜሞሪ ተጭኖ ይመጣና በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ይከርማል። የፊዚክሱ መጽሐፍ የደረሰን የመጀመሪያው ሴሚስተር ሊያልቅ ሲል ነው፤ እሱም የመጨረሻዎቹ ምዕራፎች የጎደሉት ነበር። ከዚህ ክልል ውጭ የተማሩ እኩዮቻችን ከእኛ ጋር አንድ ዓይነት ጥያቄ ሲቀርብላቸው ይህ ልዩነት በውጤት መግለጫው ላይ የት ቦታ እንደሚገባ ጠይቄ እስካሁን መልስ የሰጠኝ የለም።

ከሁሉ የከፋው ግን የደረሰው በገጠር ልጆች ላይ ነው። በእኛ አካባቢ 8ኛ ክፍልን ገጠር ጨርሶ ለሁለተኛ ደረጃ ወደ ከተማ የሚመጣ ተማሪ ብዙ ነው፤ ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ቤት ይከራያሉ፣ በየሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤተሰብ ሄደው ዱቄት፣ ሽሮ፣ ቆሎና ድርቆሽ ተሸክመው ይመለሳሉ። ከመንዝ፣ ከጣርማ በርና ከአንኮበር በኩል የመጡ እንዲህ ያሉ ልጆች ክፍላችን ውስጥ 19 ነበሩ። ሰኞ ጠዋት ዘግይተው ሲገቡ አለቃ ነኝና ‹‹ቀሪ›› ብዬ እመዘግባቸው ነበር፤ ሌሊት ተነሥተው ስንቅ በትከሻቸው ተሸክመው እንደመጡ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው፣ እስከ ዛሬም ያሳፍረኛል። መንገድ ሲዘጋ ስንቅ ቆመ። መጀመሪያ ላይ ከተማ ቤት ያለን ልጆች ምሳችንን እያካፈልን አቆየናቸው፤ የቤት ኪራዩን ግን በምሳ ልንከፍልላቸው አልቻልንም። አንዲት በሒሳብ ማንም የማይደርስባት ልጅ ሐሙስ ዕለት የቤት ሥራዬን አርማልኝ፣ ሰኞ ሳትመጣ ቀረች። ከስድስት ወር በኋላ ድምጿን የሰማሁት ከዓረብ ሀገር ነው፤ የምትሠራበት ቤት ያሉትን ልጆች ሒሳብ እንደምታስጠናቸው ነገረችኝና ሁለታችንም ዝም አልን።

12ኛ ክፍልን በ2017 ዓ.ም. ጨርሰን ፈተናውን የተቀመጥነው እንደ ደንቡ ዩኒቨርሲቲ ገብተን ነው። እኔ የተመደብኩት እዚሁ ከተማችን ባለው ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ ከቤታችን በእግር በሚደረስበት ቦታ ዶርም ውስጥ ማደሬ ለእናቴ እስከ መጨረሻው አልገባትም። ስለ ፈተናው ሥርዓት ቅሬታ የለኝም። ፈተና መሰረቁ እንዲቀር ከተፈለገ ይህ መንገድ የተሻለ ይመስለኛል፤ በራሳችን የሠራነው በራሳችን ስም እንዲቆጠርልን እኛም እንፈልጋለን።

ውጤቱ ከወጣ በኋላ ያንን የ9ኛ ክፍል ደብተር አውጥቼ ስሞቹን አንድ በአንድ ማጣራት ጀመርኩ። 11ኛ ክፍል ላይ ወደ ተፈጥሮና ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ስንከፈል ስለተበታተንን፣ አንዳንዶቹም ቤተሰባቸው ከተማ ስለለወጠ፣ ሁሉን ለማግኘት ከሁለት ሳምንት በላይ ፈጀብኝ። ከ61ዱ ውስጥ በየትኛውም ቦታ ሆነው ለ12ኛ ክፍል ፈተና የተቀመጡት 36 ናቸው። ከእነዚህ አምስቱ ግማሽና ከዚያ በላይ አምጥተዋል። ከአምስቱ አንዷ ነኝ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ አይደለሁም። በጋዜጣው አቆጣጠር የክፍላችን ውጤት ከመቶ 14 ያህል ይሆናልና ከሀገሪቱ አማካይ በላይ ነን፤ ሊያስመሰግነን ይችላል። በደብተሬ አቆጣጠር ግን ከመቶ 8 ያህል ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከእኛ ብልጫ የመጣ አይደለም፤ ሃያ አምስቱ ስላልተቆጠሩ የመጣ ነው።

በሀገር ደረጃም ተመሳሳይ ነገር እንዳለ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 896 ሺህ 520 ነበሩ፤ የእኛ ዓመት ተፈታኞች 585 ሺህ 882። በሦስት ዓመት ውስጥ ከ310 ሺህ በላይ ቀንሷል ማለት ነው። ሁሉም ትምህርት አቋርጠው ነው ማለቴ አይደለም። የ2014ቱ ተማሪዎች የ10ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተና ከቀረ በኋላ ሳይነጠሩ እስከ 12ኛ የደረሱ የመጀመሪያዎቹ ስለነበሩ ቁጥራቸው በዚያም ምክንያት ከፍ ሊል ይችላል፤ ሌሎች እኔ የማላያቸው ምክንያቶችም ይኖራሉ። ሆኖም ያለፉት ከ29 ሺህ 909 ወደ 48 ሺህ 929 ማደጋቸው እውነተኛ እድገት ሆኖ ሳለ፣ መቶኛው ግን ከዚያ እድገት በላይ ከፍ ያለው ተካፋዩ በላይ ስለጨመረ ብቻ ሳይሆን አካፋዩም ከሥር ስላነሰ ጭምር ነው። ይህን ለመረዳት የ7ኛ ክፍል ሒሳብ ይበቃል፤ እሱንም ቢሆን በግማሹ ነው የተማርነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ለትምህርት ባለሥልጣናት ሳይሆን ለእርስዎ ለአዘጋጁ ነው። በሚቀጥለው ዓመት የፈተናውን ውጤት ስታትሙ ያለፉትንና የተፈተኑትን ብቻ ሳይሆን ከአራት ዓመት በፊት 9ኛ ክፍል የተመዘገቡትንም ቁጥር ከጎኑ አስቀምጡልን። ትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ በሚያወጣው የትምህርት ስታቲስቲክስ ውስጥ በየክፍል ደረጃው የተመዘገቡ ተማሪዎች ቁጥር ይወጣል፤ መፈለጉ ለአንድ ጋዜጠኛ የግማሽ ቀን ሥራ አይሆንም። ጎበዝ ተማሪዎችን ፎቶ አንሥታችሁ ማውጣታችሁም አይቅር፤ ደስ ይለናል፣ ቆርጠን ግድግዳ ላይ እንለጥፋለን። ቢቻል ግን ጋዜጠኛው አንድ ቀን የቤት ኪራይ ያልከፈሉት ልጆች ወደሄዱበትም ብቅ ይበል፤ ከእኛ ክፍል ሦስቱን ሕንፃ ሥራ ላይ፣ ሁለቱን ባጃጅ ላይ ያገኛቸዋል፣ ‹‹ቤተ መጻሕፍት›› ደግሞ መናኸሪያው አጠገብ ስልክ ይጠግናል።

የስም ዝርዝሩን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ልልክ አስቤ ተውኩት፤ የሰዎቹን ፈቃድ ሁሉ አላገኘሁም፤ ከመካከላቸው የአንዱን ፈቃድ ደግሞ ከእንግዲህ ላገኘው አልችልም። ደብተሩ ግን እኔ ዘንድ ነው፤ ዝግጅት ክፍላችሁ ማየት ከፈለገ ይዤ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
በ2017 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ያጠናቀቀች ተማሪ፣
ደብረ ብርሃን