ስለ አባ ማስያስ አንድ ነገር ልጨምር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አገራችን ስለመጡ ሚሲዮናውያን ሲጻፍ የሃይማኖት ክርክሩ ብቻ ይነሳል። ሀገረ ስብከት ማስተዳደሩ ራሱ ምን ያህል ፈተና እንደነበር ግን ይዘነጋል። ይሄ ያሳዝነኛል።

ካፑቺን ከሚባለው የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር የሆኑትን ጳጳስ ጉግሊየልሞ ማሳያን እንውሰድ። እኛ አባ ማስያስ የምንላቸውን ማለት ነው። በ1846 (እ.ኤ.አ.) ሮም ላይ ጵጵስና ተቀብተው ለኦሮሞ አገር ተሾሙ። የተሾሙበት ምድር የደረሱት ግን በ1852 ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ! የጊዜው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ አቡነ ሰላማ አጥብቀው ይቃወሟቸው ስለነበር በሰሜን በኩል ማለፍ አልቻሉም። በሱዳን ዞረው ገቡ። እስቲ አስቡት፣ መንጋውን ገና ያላየ እረኛ።

በመሀሉ ጥር 1849 ምጽዋ ላይ የካቶሊክ ሚሲዮናዊውን አባ ያዕቆብን፣ ማለትም ዮስጦስ ዴ ያዕቆቢስን፣ ጳጳስ አድርገው ቀቡ። ታላቅ ሥርዓት ነበር፣ ግን በሌሊት፣ በድብቅ ተፈጸመ። ከዚያ በኋላም ቢሆን ፋታ አላገኙም። ከሮም የሚመጣ ደብዳቤ ወራት ይፈጃል፤ ካህናቱ ጥቂት ናቸው፤ አጥቢያዎቹ የተራራቁ። በ1861 ከከፋ ተባረሩ። በሸዋ ምኒልክ ቢያስጠጓቸውም፣ በ1879 በአፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ከአገር ወጡ።

ሰውየው ፈንጣጣ ይከትቡ ነበር። ለእኔ ከሹመታቸው ይልቅ ይሄ ይበልጥብኛል፤ ሕዝቡ ያቀረባቸውም በዚህ ይመስለኛል።

እባካችሁ በሚቀጥለው እትም ለዚህ የአስተዳደር ታሪክም አንድ ገጽ ስጡት።

አክባሪ አንባቢያችሁ